ፍሎሪዳ 2000፦ 537 ድምፅ ከየት መጣ?

ጥያቄ

«የምኖረው ታምፓ ነው። ዜግነት ከወሰድኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሥራ ቦታ የምርጫ ወሬ በተነሳ ቁጥር የ2000ው የቡሽና የጎር ጉዳይ አብሮ ይነሳል። አንዱ ‹ጎር አሸንፎ ነበር፣ ፍርድ ቤት ነው የነጠቀው› ይላል። ሌላው ‹ስንቴ ተቆጠረ፣ ሁሌም ቡሽ ነው የመራው› ይላል። እውነቱ የቱ ነው? ደግሞስ በመላ አገሪቱ በግማሽ ሚሊዮን ድምፅ የበለጠ ሰው በአንድ ግዛት ምክንያት እንዴት ይሸነፋል?»

ምላሽ

እህቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በአንድ አገር አቀፍ ምርጫ አይደለም። በ50ዎቹ ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ ለየብቻ በሚካሄዱ 51 ምርጫዎች ነው። እያንዳንዱ ግዛት የተመደበለት የወኪል መራጮች ቁጥር አለው። ድምሩ 538 ነው፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር በሁሉም ግዛት አንደኛ የወጣው ሁሉንም ይወስዳል። በአንድ ድምፅም ይብለጥ በሚሊዮን፣ ልዩነት የለውም።

በዚያ ዓመት ዴሞክራቱ አል ጎር ሪፐብሊካኑን ጆርጅ ቡሽን በመላ አገሪቱ ከ540,000 በላይ በሚሆን ድምፅ በልጧል። በወኪል መራጮች ሲቆጠር ግን ከፍሎሪዳ ውጭ እሱ 267፣ ቡሽ 246 ይዘው ቆሙ። ፍሎሪዳ 25 ነበራት። ስለዚህ ፍሎሪዳን ያገኘ ዋይት ሐውስ ይገባል። እዚያ ወደ ስድስት ሚሊዮን ሰው ድምፅ ሰጥቶ፣ በመጨረሻ የጸደቀው ልዩነት 537 ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሁለቱም የሥራ ባልደረቦችዎ ከእውነቱ የያዙት አለ። ለዓመታት ስለ ምርጫ አሠራር አስተምሬአለሁ፤ በምርጫ ጣቢያም በሠራተኛነት ተቀምጫለሁ። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ፍሎሪዳ የተወሰነችው በአብዛኛው ዳኞቹ መዝገቡን ከመክፈታቸው ከአንድ ወር በፊት ነው። ማክሰኞ ኅዳር 7 ቀን (ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)፣ መራጩ ካርዱን እየበሳ እያለ ነው።

የእኛ ሰው ምርጫ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣበት ኮሮጆ ነው። ኮሮጆ ተገለበጠ፣ ኮሮጆ ተሰረቀ። ፍሎሪዳ ላይ ኮሮጆ አልተሰረቀም። የሆነውን ለመረዳት ወረቀቱን ማየት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሱኝ።

ያኔ በብዙ የፍሎሪዳ ካውንቲዎች (ወረዳ መሰል አስተዳደሮች) በወረቀት ላይ ምልክት አይደረግም ነበር። መራጩ ጠንከር ያለ ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱን የእጩዎች ስም ከተጻፈበት መጽሐፍ መሰል ነገር ሥር ያስገባል። ከዚያ በሹል ብረት ከመረጠው ሰው ስም አጠገብ ባለው ቀዳዳ ይወጋል። ከካርዱ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ቁራጭ ትወድቃለች። ማሽኑ በዚያ ቀዳዳ የሚያልፈውን ብርሃን አይቶ ይቆጥራል። ቁራጯ «ቻድ» ትባላለች። ከአፍሪካዊቷ አገር ስም ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው።

ችግሩ ቁራጯ ሁልጊዜ አትወድቅም። አንዳንዴ በአንድ ጥግ ተንጠልጥላ ትቀራለች። አንዳንዴ ጭራሽ ሳትቀደድ እብጥ ብላ ትቀራለች። አረጋዊ እጅ በደንብ ላይጫን ይችላል። መበሻውም አልፎ አልፎ የቆዩ ቁራጮች ተጠራቅመውበት ለመብሳት ያስቸግራል። ማሽኑ ካርዱን ሲያነብ ብርሃን ካላየ «ይህ ሰው ለፕሬዚዳንት አልመረጠም» ብሎ ያልፋል። በመላ ፍሎሪዳ ወደ 61,000 የሚጠጉ ካርዶችና ወረቀቶች በዚህ መንገድ ባዶ ተብለዋል። ሁለት ሰው የተመረጠባቸውና ዋጋ አልባ የሆኑት ደግሞ ወደ 113,000 ነበሩ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይያዙልኝ። ከ537 አጠገብ ሲቀመጡ ነገሩ ራሱን ይናገራል።

ፓልም ቢች ካውንቲን እንይ። የካውንቲዋ የምርጫ ኃላፊ ቴሬዛ ለፖር ዴሞክራት ነበሩ። በዚያ ዓመት ለፕሬዚዳንት የቀረቡት እጩዎች አሥር ነበሩ። ሁሉንም በአንድ ገጽ ላስፍር ቢሉ ፊደሉ በጣም ያንሳል። ካውንቲዋ ደግሞ ጡረተኞች የሞሉባት ናት። ስለዚህ ፊደሉ እንዲጎላ ስሞቹን በግራና በቀኝ ገጽ ከፈሏቸው። ቀዳዳዎቹን መሀል ላይ አደረጓቸው። ቅርጹ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ ስለሚመስል «የቢራቢሮ ወረቀት» ተባለ። ሐሳቡ ቅን ነበር። ናሙናው ከምርጫው በፊት ወጥቷል፤ ያኔ ይህ ያሳስታል ብሎ የጮኸ ሰው አልነበረም።

በግራ ገጽ የመጀመሪያው ስም ቡሽ፣ ሁለተኛው ጎር ነው። በቀኝ ገጽ የመጀመሪያው ስም የሪፎርም ፓርቲው ፓት ቡካነን ነው። ቀዳዳዎቹ ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ አንደኛው የቡሽ፣ ሁለተኛው የቡካነን፣ ሦስተኛው የጎር ነው። አሁን ራስዎን በአንዲት የ80 ዓመት እናት ቦታ ያስቀምጡ። በግራ በኩል ሁለተኛ ላይ የጎርን ስም አዩ። ሁለተኛውን ቀዳዳ ወጉ። ድምፁ ለቡካነን ሄደ። አንዳንዱ ስህተቱ ገብቶት ሦስተኛውንም ጨምሮ ወጋ። ያ ካርድ ሁለት ሰው ስላለበት ወደቀ።

ውጤቱ ሲታይ ቡካነን በፓልም ቢች ከ3,400 በላይ ድምፅ አግኝቷል። በሕዝብ ብዛት ከእሷ በሚበልጡት በብራዋርድና በማያሚ ዴድ በእያንዳንዳቸው 1,000 እንኳ አልሞላም። ፓልም ቢች ብዙ አረጋውያን አይሁድ የሚኖሩባት፣ ለዴሞክራቶች ያዘነበለች ካውንቲ ናት፤ የቡካነን ሰፈር አይደለችም። ቡካነን ራሱ በቴሌቪዥን ቀርቦ አብዛኛው የእኔ ድምፅ አይመስለኝም ብሏል። ይህን ማለቱን ሁልጊዜ አከብርለታለሁ።

በኋላ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። በፓልም ቢች በፖስታ የመረጡ ሰዎች የደረሳቸው ወረቀት የቢራቢሮ ቅርጽ አልነበረውም። ካውንቲው አንድ፣ ምርጫው አንድ፣ የተለየው የወረቀቱ ቅርጽ ነው። ሁለቱን ሲያነጻጽሩ በፖስታው በኩል የቡካነን ድርሻ በጣም ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ጣቢያ ሄደው ቡካነንን «ከመረጡት» ውስጥም ብዙዎቹ ለሴኔት የመረጡት ዴሞክራቱን ነው። ድምዳሜያቸው ጎርን ሊመርጡ መጥተው በስህተት ቡካነንን የበሱት ከ2,000 በላይ ናቸው የሚል ነው። የጎርንና የቡካነንን ቀዳዳ አንድ ላይ የበሱት ከ5,000 በላይ ካርዶች እዚህ ስሌት ውስጥ አልገቡም።

ወደ ሰሜን፣ ጃክሰንቪል ወዳለችበት ዱቫል ካውንቲ እንሂድ። እዚያ የእጩዎቹን ስም በሁለት ተከታታይ ገጾች ከፈሉት። ቀድሞ የወጣው ናሙና ደግሞ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ምረጡ ይል ነበር። ብዙ ሰው የታዘዘውን አደረገ፤ በመጀመሪያው ገጽ አንድ፣ በሁለተኛው ገጽ ሌላ ሰው በሳ። ከ20,000 በላይ ካርድ ተበላሸ። ከተበላሹት ብዙዎቹ የመጡት ጥቁር አሜሪካውያን ከሚበዙባቸው ጣቢያዎች ነው። እዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመርጥ ብዙ ሰው ወጥቶ ነበር። ለሰዓታት ተሰልፎ፣ መመሪያውን አክብሮ፣ ድምፁ ከቆጠራ ውጭ መሆን! ይህን በጻፍኩ ቁጥር ያመኛል። የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን በ2001 ባወጣው ሪፖርት በፍሎሪዳ የጥቁር መራጮች ድምፅ ውድቅ የመሆን ዕድሉ ከሌሎች አሥር እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ብሏል። በዚያ ላይ ግዛቷ ወንጀለኞችን ከመዝገብ ልሰርዝ ብላ ያዘጋጀችው ዝርዝር ምንም ያላጠፉ ሰዎችንም ጨምሮ ነበር።

የምርጫው ሌሊት ታሪክ ብዙ ስለተወራለት ባጭሩ ልለፈው። ቴሌቪዥኖቹ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል በእኛ አቆጣጠር፣ ማለትም ከምሽቱ 8 ሰዓት ሳይሞላ በምሥራቁ ሰዓት፣ ፍሎሪዳን ለጎር ሰጡ። የምዕራቡ ጫፍ በሌላ የሰዓት ክልል ስለሆነ እዚያ ጣቢያዎች ገና አልተዘጉም ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ሰረዙት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለቡሽ ሰጡ። ጎር ለቡሽ ስልክ ደውሎ እንኳን ደስ አለህ አለው። ናሽቪል ላይ በዝናብ ለሚጠብቁት ደጋፊዎቹ ሊናገር መንገድ ላይ እያለ ልዩነቱ እየጠበበ መሆኑ ተነገረው። መልሶ ደወለና ሽንፈት መቀበሉን ሰረዘ። ያን ሌሊት በቮሉሲያ ካውንቲ በኮምፒውተር ስህተት ከጎር ላይ ወደ 16,000 ድምፅ ተቀንሶ ነበር፤ ወዲያው ተስተካከለ። ቡሽ አሸነፈ ብለው ቴሌቪዥኖቹ የቸኮሉት ግን ያ የተሳሳተ ቁጥር ውስጡ እያለ ነው።

በማግስቱ ልዩነቱ 1,784 ነበር። በፍሎሪዳ ሕግ ልዩነቱ ከግማሽ በመቶ ካነሰ ማሽኖቹ እንደገና ይቆጥራሉ። ሲቆጠር ወደ 300 ገደማ ወረደ። ከውጭ አገር በፖስታ የመጡት፣ በተለይ የወታደሮቹ ድምፅ ሲጨመር ደግሞ ወደ 930 ወጣ። ስለዚህ «ሁሌም ቡሽ ነው የመራው» የሚለው ባልደረባዎ በቁጥሩ ትክክል ነው። በይፋ በወጣ ቆጠራ ጎር አንድም ቀን አልመራም። ይህን የጎር ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

ማሽን ያላየውን ካርድ ማሽን ደግሞ ቢቆጥረው ያው ነው። ስለዚህ ጎር በእጅ ይቆጠር አለ። ሕጉ ይህ ጥያቄ ካውንቲ በካውንቲ እንዲቀርብ ያዛል። እሱ አራት ካውንቲዎችን መረጠ፦ ፓልም ቢች፣ ብራዋርድ፣ ማያሚ ዴድና ቮሉሲያ። አራቱም ለእሱ የሚመቹ ነበሩ። ይህ ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። በኋላ በ67ቱም ካውንቲ እንቁጠር ብሎ በቴሌቪዥን ሐሳብ አቀረበ፤ ቡሽ አልተቀበለም። የሚጠቅመኝን ብቻ ቁጠሩልኝ ያለ የሚመስል ሰው በኋላ ሁሉም ይቆጠር ቢል ማን ይሰማዋል?

ከዚያ በኋላ ያለው በየቴሌቪዥኑ የታየው ነው። ዳኞችና የካውንቲ ባለሥልጣናት ካርዱን ወደ መብራት አንስተው ያዩ ነበር። ተንጠልጥላ የቀረች ቁራጭ ትቆጠር? እብጥ ያለችስ? ሕጉ የሚለው «የመራጩ ፍላጎት» የሚለውን ብቻ ነው። ብራዋርድ ለዘብ ብሎ ቆጠረ። ፓልም ቢች ጠበቅ አደረገ፤ መሀል ላይም መለኪያውን ቀየረ። ማያሚ ዴድ ኅዳር 22 ቀን ሕንፃው ውስጥ ጩኸትና ግርግር በተነሳበት ዕለት ቆጠራውን አቋረጠ። ውጤቱን የምታጸድቀው የግዛቲቱ ዋና ጸሐፊ ካትሪን ሃሪስ በፍሎሪዳ የቡሽ ዘመቻ ተባባሪ ሊቀ መንበር ነበረች። የግዛቲቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቦብ በተርዎርዝ ደግሞ በዚያው ግዛት የጎርን ዘመቻ ይመራ ነበር። አገረ ገዢው የቡሽ ወንድም ጄብ ሲሆን ከአጽዳቂው ኮሚሽን ራሱን አግልሏል። ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ሰው በሆነበት ሜዳ ማንም ማንንም ሊያምን አይችልም። ኅዳር 26 ቀን ፓልም ቢች ከቀነ ገደቡ ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይታ ጨረሰች። ሃሪስ አልተቀበለችውም። 537 የሚለው ቁጥር የጸደቀው በዚያ ምሽት ነው።

ታኅሣሥ 8 ቀን የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 4 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ ማሽን ባዶ ያላቸው ካርዶች በመላ ግዛቲቱ በእጅ ይቆጠሩ ብሎ ወሰነ። በማግስቱ ቆጠራው ተጀመረ። በዚያው ቀን የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 ሆኖ አስቆመው። ታኅሣሥ 12 ቀን ምሽት የመጨረሻው ውሳኔ መጣ። ሰባት ዳኞች አንድ ዓይነት ካርድ በአንዱ ካውንቲ እየተቆጠረ በሌላው ሲጣል እኩልነት ይጓደላል ብለው ተስማሙ። አምስቱ ግን ቀኑ አልቋል፣ አንድ ወጥ መለኪያ ወጥቶ እንደገና የሚቆጠርበት ጊዜ የለም አሉ። የመጀመሪያው ነጥብ ያሳምነኛል። ሁለተኛውን እስከ ዛሬ መዋጥ አቅቶኛል። ጊዜውን የበላው እኮ ራሱ የእግድ ትእዛዙ ነው! ሦስት ቀን አስቁሞ ጊዜ አለቀ ማለት ፍትሕ አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ በዚያው በታኅሣሥ 12 ቀን ኢትዮጵያና ኤርትራ አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ይፈርሙ ነበር። የእኛ ቤት ሬዲዮ የሚያወራው ስለዚያ ነበር። በዘመኑ የነበረ ሐበሻ ስለ ፍሎሪዳ ውሳኔ ብዙ ትዝ ባይለው አልፈርድበትም።

እንግዲህ ፍርድ ቤቱ ባያስቆም ማን ያሸንፍ ነበር? የጥያቄዎ ልብ ይህ ነው። ደግነቱ ካርዶቹ አልተቃጠሉም። ትልልቅ ጋዜጦች ተባብረው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ላለ የጥናት ተቋም ሥራውን ሰጡ። ተቋሙ ማሽን ያልቆጠራቸውን ወደ 175,000 ካርዶችና ወረቀቶች አንድ በአንድ አየ። ውጤቱ ኅዳር 2001 ወጣ። ጎር በጠየቃቸው አራት ካውንቲዎች ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ቡሽ ያሸንፍ ነበር። የፍሎሪዳ ፍርድ ቤት ያዘዘው ባዶ የተባሉ ካርዶች ቆጠራ ቢያልቅም ቡሽ ማሸነፉ አይቀርም ነበር። በመላ ግዛቲቱ የተጣለው ሁሉ፣ ሁለት ምልክት ያለበትም ጭምር፣ የመራጩ ፍላጎት በግልጽ እስከታየ ድረስ ቢቆጠር ግን ጎር ያሸንፍ ነበር። በጣም በጠባብ ልዩነት፤ 200 በማይሞላ ድምፅ።

ይህን ልብ ይበሉልኝ። የጎር ጠበቆች ባዶ የተባሉትን ካርዶች ሲያሳድዱ ነው የከረሙት። ድምፃቸው የነበረው ግን ሁለቴ ምልክት የተደረገባቸው ውስጥ ነው። ለምሳሌ አንዳንዱ መራጭ በወረቀቱ ላይ የጎርን ስም መርጦ፣ ከታች ባለው ባዶ መስመር ላይ ደግሞ «ጎር» ብሎ በእጁ ጽፏል። ፍላጎቱ ፀሐይ የሞቀው ነው፤ ማሽኑ ግን ሁለት ሰው ብሎ ጣለው። እንዲህ ያለውን ወረቀት ለመቁጠር ቻድ በመብራት መፈተሽ አያስፈልግም ነበር። የጠየቀ ጠፋ እንጂ።

ስለዚህ «ፍርድ ቤት ነጠቀው» ለሚሉት ባልደረባዎ፣ ፍርድ ቤቱ ያስቆመው ቆጠራ ቢያልቅ ጎርን አያድነውም ነበር ብለው ይንገሯቸው። ውሳኔው ልክ አልነበረም ብዬ ባምንም ይህን መካድ አልችልም። «ሁሌም ቡሽ ነው የመራው» ለሚሉት ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት ፍሎሪዳ ውስጥ ከቤታቸው ከወጡት ሰዎች ጎርን ሊመርጡ ያሰቡት እንደሚበልጡ ማስረጃው ያሳያል ብለው ይንገሯቸው። ሕግ ግን የሚቆጥረው ካርዱ ላይ ያለውን ነው። አንዳንዶች ደግሞ በፍሎሪዳ ከ97,000 በላይ ድምፅ ያገኘውን የግሪን ፓርቲውን እጩ ራልፍ ኔደርን የጎርን ድምፅ ወሰደ ብለው ይወቅሳሉ። ኔደርን የመረጠ ሰው ግን አውቆ፣ ፈልጎ ነው የመረጠው። ከቢራቢሮው ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ አይገባም።

ፍሎሪዳ ከዚህ ተምራለች? በከፊል። በ2001 የሚበሳውን ካርድ በሕግ አስቀረች። በ2002 ኮንግረስ አሮጌ ማሽኖችን ለመቀየር ለግዛቶች ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ዛሬ እርስዎ ታምፓ ላይ በብዕር አጥቁረው ወደ ማሽን የሚያስገቡት ወረቀት የዚያ ልጅ ነው። ነገር ግን በ2018 ብራዋርድ ካውንቲ የሴኔቱን ውድድር በገጹ ግራ ጥግ፣ ከረጅሙ መመሪያ ሥር አስቀመጠችው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሳያየው አለፈ። ዴሞክራቱ ቢል ኔልሰን በመላ ግዛቲቱ በ10,033 ድምፅ ተሸነፈ። ኔልሰን ማለት በ2000 ከቢራቢሮው ወረቀት ጋር በአንድ ካርድ ላይ ለሴኔት ተወዳድሮ ያሸነፈው ሰው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት አልፎ፣ በዚያው ግዛት፣ እንደገና የወረቀት አቀማመጥ!

እርስዎ የሁለት ዓመት ዜጋ ነዎትና አንድ ነገር ልጨምር። ጣቢያ ስሠራ በተደጋጋሚ ያየሁት፣ በተለይ ከእኛ ሰው፣ ይሉኝታን ነው። ሰውየው ተሳስቶ ሌላ ሰው ያጠቁራል። ሌላ ወረቀት መጠየቅ ያፍራል። በላዩ ላይ ሰርዞ ሌላውን ያጠቁርና ያስገባል። ይህ በትክክል ፓልም ቢች ላይ ሁለት ቀዳዳ የበሱት ሰዎች ያደረጉት ነው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ሊከቱት ሲሉ ደርሼባቸዋለሁ፤ «አበላሸሁባችሁ፣ አትቆጡኝ» ነበር ያሉኝ። ማንም አይቆጣም። ወረቀቱን ለሠራተኛው መልሰው «ተሳስቻለሁ፣ ሌላ ስጡኝ» ይበሉ። የተበላሸውን በፊትዎ ይሰርዙታል፣ አዲስ ይሰጡዎታል። በፍሎሪዳ ሕግ ለአንድ መራጭ እስከ ሦስት ወረቀት ይሰጣል። ወላጅዎ ማንበብ የማይችሉ ከሆነም በፌዴራል ሕግ የሚያምኑትን ሰው ይዘው መግባት መብታቸው ነው፤ አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ እስካልሆነ ድረስ። እርስዎ አብረዋቸው ሊገቡ ይችላሉ። ወረቀቱ ሲሰጥዎ ከመጀመርዎ በፊት ፊቱንም ጀርባውንም ይዩት፤ ግራ ጥግ ላይ ከመመሪያው ሥር ያለውንም።